የጉድጓዱ ፊልም

ልብስ ሰፊዋ የቪዲዮ ካሴቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየወለወለች በፀጉር ቤቱ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች። በየጀርባቸው የወንድሟ ጽሑፍ አለ፤ በአናጢ እርሳስ የተጻፈ፣ ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ሳይሞት በፊት እንደ ዋዛ፣ ካሴቶቹን ለሁለቱ ጓደኞቼ ስጪልኝ ብሏት ነበር፤ ይኸው ይዛቸው መጥታለች።

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ሦስቱ ጓደኛሞች፣ ወንድሟ፣ ፀጉር አስተካካዩና የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እሑድ እሑድ እዚህች ጓዳ እየተሰበሰቡ የድሮ አስፈሪና የወንጀል ፊልም ያዩ ነበር። እናታቸው እሑድም ሥራ ስለምትገባ፣ ወንድሟ እሷን ገና በስድስት ዓመቷ እያንጠለጠለ ያመጣት ጀመር። እዚህ ቤት ስሟ «ትንሿ» ነው። ዛሬ ሠላሳ አራት ሞልቷታል፤ አሁንም ትንሿ ናት።

ካሴት በተነሣ ቁጥር ክርክር ይነሣል። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ «ጠርጣራው» ነው የሚባለው፤ ፊልም በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ መርማሪውን ሳይቀር ሁሉንም ይጠረጥራል። አንድ ጊዜ ውሻ ጠርጥሮ አልመለስም ማለቱን ፀጉር አስተካካዩ ቢያነሣበት፣ ያ ውሻ አሁንም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም አለ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የድሮ ፊልም የሚያስፈራው ስለማያሳይ ነው ባይ ነው፤ የዛሬዎቹ ደም በባልዲ ይደፋሉ እንጂ አንዲት በር ቀስ አድርጎ መክፈት አያውቁበትም። ትንሿ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀጥላ ያነሣችው ካሴት ጥጉ ተሰንጥቋል።

«ይሄን እወደዋለሁ» አለች። «ልጅቷ ከጉድጓድ የምትወጣበት።»

ጠርጣራው ቀና አለ። «የቷ ልጅ?»

ፀጉር አስተካካዩ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ትንሿ አየች። ካሴቱን እንደያዘች ሌላውን እየጠቆመች፣ የዚያኛው ፊልም ሹፌርስ በመጨረሻ በነፃ ተለቆ ቤቱ አይገባም እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው። ጠርጣራው መነጽሩን አወለቀና ያልቆሸሸ መስታወት መጥረግ ያዘ።

ያኔ የወንድሟ፣ የጋሼ፣ እጅ ትዝ አላት። ክፉ ክፉው ሲመጣ ጋሼ ዓይኗን በመዳፉ ይሸፍን ነበር። መዳፉ ሙጫና የእንጨት ብናኝ ይሸታል፤ በጣቶቹ መሃል የቴሌቪዥኑ ብርሃን ቀይ ሆኖ ይገባል። እሱ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ የሚሆነውን ይነግራታል፤ «አይዞሽ፣ ወጣች። ቀሚሷ እንኳ አልረጠበም።» ድምፁ አንድም ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ስለ ሕመሙ «ጨጓራ ነው» ሲላትም አልተንቀጠቀጠም። ሰባት ወር ሙሉ ጨጓራ ነበር። በመጨረሻዋ ጠዋት እንኳ፣ ሂጂ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም አስረክቢ፣ ማታ እንጫወታለን ብሎ ወደ ሥራዋ ሸኛት። ቀትር ላይ የደወለላት ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዛ ቆይታለች፤ ካሴቶቹን በሰው መላክ ስትችል ራሷ የመጣችውም ለዚሁ ነው።

«ታውቁ ነበር አይደል?»

ጠርጣራው ወደ ጓደኛው ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ እጆቹን ተመለከተ።

«ከመጀመሪያው ቀን። የምርመራውን ውጤት ሲቀበል አብረነው ነበርን። አስማለን።»

«እኔስ እህቱ አይደለሁም?»

«ለትንሿ እኔው እነግራታለሁ አለን።» መዳፉን በሱሪው ጠረገ። «እንዳልነገረሽ ስናውቅ ደግሞ ቃላችንን መብላት አቃተን።»

ልትጮህባቸው አስባ ነበር፤ ልብስ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስንት ቀን ተለማምዳዋለች። አሁን ግን ካሴቱን ዘረጋችለትና፣ ልጅቷ ከመውደቋ ትንሽ ቀደም ካለው ጀምርልኝ አለችው።

ልጅቷ በጉድጓዱ ጠርዝ ትሄዳለች። የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ነው። የትንሿ እጅ ሳታዝዘው ወደ ዓይኗ ተነሣ፤ መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ልጅቷን ሸርተት አደረጋት፤ ወደቀች። ጩኸት የለም፣ ደም የለም። አባትየው ሮጦ መጣ፤ ገመድ ጣለ፤ ጎተተ፤ ገመዱ ባዶውን ወጣ። ሰውየው ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። በቃ፣ እዚያው አለቀ።

የሸፈነባት ይቺን ታክል ነው። ያኔ እሱ ራሱ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ እጁን በእሷ ዓይን ላይ አድርጎ፣ የራሱን ዓይኖች ባዶው ገመድ ላይ እንደተከለ፣ ወጣች ይላት ነበር። ለእሱ የሸፈነለት ሰው አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ ካሴቱን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ፣ ወደ መጀመሪያው ሳይጠነጠን አይወጣም አለችው። የጋሼ ሕግ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ከፊልሙ መጨረሻ ያለው ጥቁር ምስል ገና እየታየ፣ ማጫወቻውን ሳታቆም፣ ወደ ኋላ መመለሻውን ተጫነች።

ሥዕሉ እየተርገበገበ ወደ ኋላ ሮጠ። አባትየው ከጠርዙ ተነሣ፤ ገመዱ ወርዶ ተመልሶ እጁ ገባ፤ ሰውየው ጀርባውን አስቀድሞ እየሮጠ ከዓይን ተሰወረ። ከዚያ ከጉድጓዱ ፀጉር ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ ቀጥሎ ነጩ ቀሚስ። ልጅቷ ጠርዙ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አንዲት ጠብታ የለባትም።

ጠርጣራው መነጽሩን አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ትንሿ አወጣችው፤ ጥጉ የተሰነጠቀው ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑን ገጠመችና ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠችው።