የሶረቲ ፎቶ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት የሶረቲ የቀድሞ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ራሳቸው አወቱ መንደራ ሰፈር፣ እነሶረቲ ቤት መጡ። ከሊሙ ገነት በመጣች ዓመት፣ “የገጠር ልጅ ውጤታችንን ታወርዳለች” ብለው ከዘጠነኛ ክፍል ያባረሯት እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ ከተማሪዎቻቸው አንድም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣም፤ ሶረቲ ግን ከሰፈሯ ትምህርት ቤት ተፈትና አልፋለች።

“ልጄ፣ እኛም ጋ ተምረሻል እኮ። ፎቶሽን ባነራችን ላይ እናውጣው” አሏት።

እናቷ በንዴት ልትመልስ ስትል፣ ሶረቲ “ተይ ሃርሜ” ብላ እናቷን አረጋግታ ጓዳ ገባችና ፎቶ ይዛ ወጣች። ርዕሰ መምህሩ እየመረቁ ፎቶውን ተቀበሏት። ፎቶው ላይ የለበሰችው የሰፈሯ ትምህርት ቤት ስም ደረቱ ላይ የተጠለፈበት ሹራብ ነበር።

“ሲያሳትሙት ሹራቡን እንዳይቆርጡት፣ ቲቸር” አለቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን ደግመው አዩና ሹራቡ ላይ የተጠለፈውን ስም አነበቡ። ሶረቲም ፊታቸው ሲጠቁር ዓይኗን ሳትሰብር አየች።