በመስታወት ገንዳ ያለችው ጣውንት

ፋርማሲስቱ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ሚስቱንና ክላሟን። ማን እንደምትቀድም ሚስቱ ጠይቃው አታውቅም።

ክላሟ ሁለት ወፍራም ክዳን ያላት የባሕር ፍጥረት ናት። በክዳኖቿ መካከል ሰማያዊ ከንፈሯን ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ትመገባለች። ሲገዛት የክብሪት ቀፎ ታክል ነበር። አሁን ሳሎን ውስጥ ባለው የመስታወት ገንዳ፣ ኮራል በሚባሉት የባሕር ድንጋዮች መሐል፣ የሾርባ ሳህን አክላ ተቀምጣለች። ጥላ ሲያልፍባት ከንፈሯን ሰብስባ ጥርቅም ትላለች።

ሚስቱ ስም አውጥታላት ነበር። "ጣውንቴ ዛሬ አኩርፋለች፣ ሂድና አባብላት" ትለዋለች።

እሱም ያባብላታል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ የውኃውን ጨው ይለካል፣ በሲሪንጅ ካልሲየም ያንጠባጥባል፣ መብራቱን ያስተካክላል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህ ውኃ ከምንጠጣው ይጠራል" ይላል።

የጌጥ ዓሣ ሻጩ አዲስ የኮራል ድንጋይ የሸጠለት ዕለት ሊመክረው ሞክሮ ነበር።

"ከመክተትህ በፊት በደንብ እጠበው። ከድንጋይ ጋር የማይመጣ ነገር የለም፤ ትል አለ፣ ሸርጣን አለ፣ ቀንድ አውጣ..."

"የኔን ገንዳ አታውቀውም ማለት ነው" አለ ፋርማሲስቱ እየሳቀ። ድንጋዩን ታቅፎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ መጡ።

አማቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። የመጡት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ነው፤ ከጉልበታቸው በቀር ሌላው አካላቸው ጡረታ መውጣቱን አልሰማም። ከወፍ ቀድመው ይነሳሉ፣ የተወለወለውን ይወለውላሉ፣ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ገንዳውን ባዩ ጊዜ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አሉ። ሚስቱ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀች።

ፋርማሲስቱ አልሳቀም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ክላሟ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮዋ አትዘረጋም። ከሰዓት በኋላ ትፈታለች፤ የክዳኗ ጠርዝ ላይ እንኳ አዲስ ነጭ መስመር ወጥቶ ማደጓን ያሳያል። ያንን የካልሲየሙ ሥራ አድርጎ ቆጠረው። የጠዋቱን ኩርፊያ ግን መድኃኒት አጣለት። ውኃውን ለካ፣ ምንም አልጎደለውም። ጨመረ፣ ቀነሰ፣ እንደገና ለካ። በቤቱ የተለወጠ ነገር ቢያስብ ቢያስብ አንድ ብቻ ሆነበት፤ እሳቸውም ቁርስ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሱ ነበር።

"ስማኝማ ልጄ" አሉት አንድ ቀን፣ ገንዳው ላይ ሲያጎነብስ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል።"

"ውኃውስ ጥሩ ነው፣ እማማ!" አለ ደስ ብሎት። "ልለካልዎት?"

"ውኃውንማ አየሁት። እኔ የምልህ..."

"ብቻ አደራዎን፣ እጅ እንዳይገባበት። ሳሙና የነካው እጅ ይገድላታል።"

አማቱ ትንሽ አዩትና ወደ ኩሽና ሄዱ።

በማግሥቱ የጥርስ ብሩሹ ጠፋ። ቤቱን ገልብጦ ፈለገና ሌላ ገዛ።

አንድ ማለዳ ከመኝታ ቤት ሲወጣ አማቱን እጅ ከፍንጅ ያዛቸው። የቀኝ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። በግራ እጃቸው የሻይ ሳህን ይዘዋል፤ ሳህኑ ላይ ጥቂት የሩዝ ፍሬ አለ። ክላሟ ከኋላቸው ጥርቅም ብላለች።

"ሩዝ!" ብሎ ጮኸ። "ብርሃን ለምትበላ ፍጥረት ሩዝ!"

ሚስቱ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። "እማዬ፣ እውነት ነው?"

"እኔ ማንንም አላበላሁም" አሉ አማቱ። ሳህኑን ሽንት ቤት ደፍተው ውኃ ለቀቁበት።

"እስቲ መጀመሪያ ታስረዳህ" አለች ሚስቱ።

"ተይው" አሉ እናቷ። "ስንት አባት አይቻለሁ። አባት መጀመሪያ ይጮኻል፤ የሚያየው ኋላ ነው።"

"በዚህ ቤት ወይ ክላሟ፣ ወይ..." ብሎ ጀመረ ፋርማሲስቱ።

"እንዳትጨርሳት" አለች ሚስቱ።

አልጨረሳትም፤ አማቱ ግን የቀረውን ሰምተዋል። ሳይቀየሙ ልብሳቸውን አጣጥፈው ወንድ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ተነሱ። በር ላይ ጉንጩን ሳሙት።

"የጥርስ ብሩሽህን ከገንዳው በታች ካለው መሳቢያ ትቼልሃለሁ። ጠዋት ጠዋት ተጠቀምበት፣ እንዳትሰንፍ።"

ፋርማሲስቱ አፉን በእጁ ሸፈነ። "ሲሄዱ እንኳ ጥርሴን ሰድበው!" እያለ ሲያጉረመርም ዋለ። መሳቢያውን አልከፈተም።

ሚስቱ ኩሽና መግባት አቆመች። እሱም ዳቦ በሙዝ እየበላ ክላሟ እስክትድንለት ጠበቀ።

አልዳነችም። ከንፈሯ ተሸበሸበ። ክዳኗ እንደ ዛለ አፍ ክፍት ብሎ ቀረ፣ ጥላ ሲያልፍባትም መዝጋት ተሳናት። ይህ የመሞት ምልክት መሆኑን ያውቃል። ገንዳው ፊት ተንበረከከ። ሚስቱም ኩርፊያዋን ትታ ትከሻውን ያዘችው።

"አይዞህ" አለችው። "ጣውንቴ እኮ ጠንካራ ናት።"

እጁን ውኃው ውስጥ ከትቶ ክላሟን ቀስ አድርጎ በጎኗ አጋደላት። እንዲህ አድርጎ አይቷት አያውቅም ነበር። ከሥሯ፣ ክዳኖቿ በሚጋጠሙበት፣ ነጫጭ የሩዝ ፍሬዎች ተደርድረዋል።

"አየሽ!" አለ ፋርማሲስቱ። "አየሽ የእናትሽን ሥራ! ሩዙን ሥሯ ጠቅጥቀውባት ነው የሄዱት!"

እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልክ ደወለ። አማቱ ወዲያው አነሱት።

"አቤት ልጄ" አሉ በደስታ። "ብሩሹን አገኘኸው?"

ሊጮህባቸው አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ግን ገንዳው ላይ ነበር።

ከሩዞቹ አንዷ ቀንዷን አውጥታ መራመድ ጀመረች።