ከባኮ የመጣችው ዱረቲ

መምህር ንዋይ አምቦ ውስጥ ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ተማሪዎችን ያማክራል። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሰብስበው ለኦሮምኛ ጽሑፍ ማረሚያ ኮድ ይጽፋሉ። ከሁሉም የምትበረታው ዱረቲ ግን ባኮ ሆና በስልክ ነበር የምትሳተፈው። አባቷ አምቦ እንድትመጣ አይፈቅዱም። ንዋይ ደጋግሞ ቢለምናቸውም እሺ አላሉትም።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ዱረቲ ራሷ በሩን ከፍታ ገባች። ባኮ አብሯት የተማረው ለሊሳ ሮጦ አቀፋት።

"አባባ ፈቀዱልኝ" አለች እየሳቀች።

ንዋይ ደስ ብሎት አጠገቡ አስቀመጣት። ትናንት የላከችውን ኮድ ከፍተው አብረው ማረም ጀመሩ። የቱ ጋ እንደተሳሳተች ሳይነግራት ታውቀዋለች።

በመሀል የንዋይ ስልክ ጠራ። አንስቶ እንደ ልማዱ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"መምህር፣ ስላረፈድኩ ይቅርታ" አለ የዱረቲ ድምፅ። ከኋላዋ አባቷ ሲያስሉ ይሰማል። "አባባን ስለምናቸው ነው የቆየሁት። ዛሬም እምቢ አሉኝ። ከየት እንጀምር?"

ለሊሳ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ንዋይ ከስልኩ ቀና ብሎ አጠገቡ ያለችውን ዱረቲ አያት።

"መምህር፣ ይሰማል?"

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ስልኩን አነሳች።

"አቹማ ቱሪ" አለች በኦሮምኛ፣ ስልኩ ውስጥ በተሰማው በዚያው ድምፅ፣ ታናሽ እህቷን እንደምታባብል ሁሉ። እዚያው ቆዪ ማለቷ ነው።

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችና ወደ ኮዱ ዞረች።

"እንቀጥል፣ መምህር?"