የክዳኑ በጀት

የሰፈሩ መግቢያ ላይ ያለው የጎርፍ ጉድጓድ ክዳኑ ከተሰረቀ ዓመት አለፈው። እዚያው ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ሁልጊዜ የልጇን እጅ ሳትለቅ ታሻግራታለች። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ስለሚሸፍነው ጉድጓዱ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። በግንቦት መጨረሻ ለአራተኛ ጊዜ ወረዳ ሄደች።

«እትዬ፣ የከተማው ገቢ ከዕቅድ በታች ነው፤ ጠያቂው ግን እንደ አሸን ፈልቷል» አላት የበጀት ሠራተኛው ቅጹን እያገላበጠ። «ለመሆኑ የገባበት ሰው አለ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እስካሁን የለም።»

«እንግዲያው ነጥብዎ ዝቅ ይላል። ቅድሚያ የሚሰጠው አደጋ ለደረሰበት ቦታ ነው።»

«ታዲያ የኔን ልጅ ልክተትልህ?»

ሠራተኛው ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ ሁሌ ክፉ ክፉውን ነው የሚያስቡት። ስልክዎን ይተዉልኝና ይሂዱ፤ ተራው ሲደርስ እደውላለሁ።»

ሐምሌ ላይ፣ ዶፉ ሲወርድ በዋለ ማግስት፣ ልጇን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራቻት ሳለ ስልኳ ጠራ።

«እትዬ፣ የክዳኑ በጀት ዛሬ ጠዋት ተፈቀደ። የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም አንደኛ ወጥቷል።»

እጇ የልጇ ፀጉር ላይ ቀረ። አላመሰገነችውም።

«የማን ልጅ ነው?» አለችው።