የኖርዌዩ ሰውዬ

ሉብና መርሳ ከተማ፣ በአባባ ኡበይደላ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የሰርግ ካርድ ትሠራለች። የምትሠራበት የሥዕል ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያርመዋል። ወሬው እንደዚያ ነው።

ጣጣው አራት ነጥቧ ላይ ነበር። የአገሩ ጸሐፊ ሁሉ ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ ይመታል፤ ለምን ቢሉት አያውቅም። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያገኝ መስመር ይሰብራል። ሀስና በምትባል ደንበኛ የሰርግ ካርድ ላይ አራት ነጥቧ፣ ሳትጠራ እንደመጣች እንግዳ፣ ብቻዋን ከታች ተገትራ ቀረች።

ሉብና ኮድ የተማረችው ከዩቲዩብ ነው። ማረሚያ ጻፈችና ለፕሮግራሙ አዘጋጆች ላከች። ወልድያ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት፣ «ተቀባይነት ያገኘ ሥራ እስከ ሰኞ አሳዪን፤ የሥራ ቦታው ያንቺ ነው» ብሏታል።

የሚፈርደው ራሱን «ኖርዝ» ብሎ የሚጠራ ገምጋሚ ነበር። ከስሙ ተነስታ የኖርዌይ ሰው ነው ብላ ደመደመች።

ኖርዝ የመጀመሪያውን ማረሚያ በቁጥብ እንግሊዝኛ መለሰው፦ «አንድ ቁስል ለማከም ገላውን ሁሉ መላጨት ምንድን ነው? ያልታመመው ይቅር።»

ሁለተኛውን፦ «ምክንያቱ አልተጻፈም።»

ሦስተኛውን፦ «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ወይስ ከነጥቡ በፊት ባዶ ቦታ የሚመታው ጸሐፊ?»

ይህን የአገር ልማድ ማን እንደነገረው ልትጠይቅ ነበር፤ ንዴቷ ጥያቄውን ዋጠው። መርሳ ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ፣ በስልኳ ብታይ ኖርዝም ዝም ብሏል። አላህ አሳረፈኝ አለች።

አባባ ኡበይደላ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል ሠላሳ ዓመት ካርታ ሲነድፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልጃቸው የላከላቸውን ላፕቶፕ ቤታቸው ጨርቅ አልብሰው አስቀምጠውታል። ሱቅ ሲገቡ በየጠዋቱ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ፣ «ሉብናዬ፣ ይህን ጉድ ቀስቅሺልኝ» ይላሉ። «ወልድያ የሄድሽ ዕለትስ ማን ይቀሰቅስልኛል?»

«ኖርዌዩ መቼ ለቀቀኝና፣ አባባ። ምክንያት ጻፊ ይላል። ልቡ በረዶ ነው።»

«ጻፊለታ። ምን ይጎዳሻል?»

«አንቱ ደግሞ ለሱ ያደላሉ።»

«እኔ ከእርሳስ በቀር ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ለአራተኛ ጊዜ ላከች፤ ምክንያቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋ፣ ያልታመመውን ሳትነካ። እሑድ ረፋድ ላይ ኮምፒውተሩን ስትከፍት አንዲት ቃል ጠበቀቻት፦ «ተቀብያለሁ።»

«ተቀበለኝ፣ አባባ» አለች። «ነገ ወልድያ ነኝ። ያ ክፉ ሰውዬ ቅንጣት እንከን አላገኘም።»

አባባ ኡበይደላ የሰርግ ካርድ መቁረጣቸውን ሳያቋርጡ፣ «ከላክሽው ኮድ አርባ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ባዶ ቦታ ግን እኔው አጥፍቻታለሁ» አሉ።