የእማማ ራይና ፎቶ

ደንበኛዬ ፀቬታ እናቷን እማማ ራይናን የምታስታምም ሴት አግኝታለች። «ዶራ ትባላለች፤ ዛሬ ሙከራ ትጀምራለች። ወንጀል ይኑርባት አይኑርባት እስከ ማታ አጣሪልኝ» አለችኝ። የግል መርማሪ ነኝ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው።

የፍርድ ቤት ማስረጃዋ ንጹሕ ነው። ስርቆት የለ፣ ድብድብ የለ። እኔ ግን ወረቀት አላምንም፤ ጎረቤት ነው የምጠይቀው። ዶራ የሠራችባቸውን ቤቶች ፍለጋ ከተማችንን ፕሎቭዲቭን ዞርኩ።

የመጀመሪያው ሕንፃ በር ላይ ዶራ ታስታምማት የነበረችው አሮጊት የሐዘን ማስታወቂያ ከነፎቶዋ ተለጥፏል። እኛ ጋ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው፤ ዝናብ እስኪያወርደው ማንም አይነካውም።

«ዶራ? ወርቅ ናት!» አለችኝ ጎረቤቷ። «እስከ መጨረሻዋ ቀን አልተለየቻትም።»

ሁለተኛው በር ላይም ሌላ አሮጊት። አሮጊት ይሞታል፣ ምን ይደንቃል? ግን ሁለቱም ፎቶዎች ላይ፣ የአሮጊቶቹ ትከሻ ላይ፣ አረንጓዴ ቀለበት ያጠለቀ እጅ አርፏል።

ለፀቬታ ደወልኩ፤ አታነሳም። ታክሲ ይዤ እናቷ ቤት በረርኩ።

በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ማጣበቂያው ገና አልደረቀም። ፎቶው ላይ እማማ ራይና ቢጫ ሹራብ ለብሰው ይስቃሉ። ትከሻቸው ላይ ያው እጅ አለ። የሞቱበት ቀን ተብሎ የተጻፈው የነገው ነው።

«አንቺ ልጅ!»

ቀና አልኩ። እማማ ራይና በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ቢጫ ሹራብ ለብሰው።

«ምን ይገትርሻል? ነይ ውጪ! ሹራቡን ዶራ አሁን አመጣችልኝ። አምሮብኛል? አብረን ፎቶ ልንነሳ ነው!»

ከኋላቸው አንድ እጅ መጥቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ።