የአጥቂው አውጫጭኝ

«ጥፋተኛው ሳይወጣ ከዚህ ሜዳ ንቅንቅ የሚል የለም» አሉ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ፣ መቋሚያቸውን የፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ላይ ተክለው።

የሳሙና ፋብሪካው ቡድን ገና አሁን ተሸንፎ መውጣቱ ነው። ላቡ ሳይደርቅ ተጫዋችም ደጋፊም ጣና ሐይቅ ዳር ካለው ጎል ፊት ተኮልኩሎ ተቀምጧል። አውጫጭኝ ነው። በድሮው ደንብ በሬ ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ያየ ያየውን እስኪያወጣ ድረስ ይታገዳል፤ ዘንድሮ የጠፋው በሬ ሳይሆን ጎል ነው። አለቃ የቡድኑ የበላይ ጠባቂ ናቸው። ኳስ በጭንቅላት መመታቷን እስከ ዛሬ እንደ ነውር ቢያዩትም፣ በዳኝነት የሚስተካከላቸው የለም።

ምናሴ ዳር ተቀምጦ የማሊያውን ጫፍ ይጠመዝዛል። አጥቂው እሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ያላገባውም እሱ ነው። ማሊያው ከተወሰደ የፋብሪካው ሥራም አብሮ መሄዱ ነው፤ የተቀጠረው ለእጁ ሳይሆን ለእግሩ ነዋ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገሩ መራዊ ተመልሶ በቆጋ መስኖ ድንች መኮትኮት ነው። ዙሪያውን ሲቃኝ ፊት ሁሉ የተማከረ መሰለው። በረኛው ሲያስነጥስ እንኳ ምልክት ይሆን ብሎ ጠረጠረ። የደጋፊዎቹ ከበሮ መቺ የሺመቤት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ ግን እሱ እንዲሰማው አድርጋ፣ «ይኸ ልጅ ጎሉን እንደ አማት ነው የሚፈራው፤ ቀና ብሎ አያየውም» አለች።

«የሰማ ዝም ይበል፤ ያየ ይናገር» አሉ አለቃ።

በረኛው ቃለ ሕይወት ቀድሞ ተነሣ። ምናሴ ባዶ ጎል ፊት ሆኖ የመታት ኳስ ሐይቁን አቋርጣ ደቅ ደሴት ወርዳለች አለ፤ አንድ አባት ቅል መስላቸው ቆፍረው ተክለዋታል፤ ለመስቀል ታፈራለች እያሉ ጧት ማታ ውሃ ያጠጧታል። ሰው በሳቅ ወደቀ። ምናሴ አልሳቀም። ያችን ኳስ መቼ እንደመታት ቢያስብ ቢያስብ ትዝ አላለውም።

ተከላካዩ አስማማው እንዳይበለጥ ብድግ አለ። በእሱ ወሬ ደግሞ ምናሴ ዘንዘልማ ሜዳ ላይ የመታት ኳስ ከጎሉ ጀርባ ሲግጥ የነበረውን በሬ ግንባሩን ብላ ጣለችው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ባርከውት ሰፈሩ እዚያው ቅርጫ ገባ፤ እሱም መደቡን ወሰደ።

አለቃ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ያ ጨዋታ ሁዳዴ ውስጥ አልነበረም ወይ?» አሉት።

አስማማው ለመማል እጁን አነሣ። «አልበላሁም እኮ፣ አለቃ። አንጠልጥዬው ብቻ ነው የሄድሁ።»

«ይሁን። በሬውን የጣለችውን ኳስ ለምናሴ ያቀበለው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ ሁልጊዜ ለሀዲስ ነው የምሰጥ።»

ወደ ደቅ የተሻገረችውንስ? ቃለ ሕይወትም አንገቱን ደፋ፤ ያቀበለውን አላየም። አማካዮቹም ተራ በተራ ሲጠየቁ የኳሷ መንገድ ሁሉ ወደ ሀዲስ ሆነ። ከሀዲስ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ ጠፋ። ዐይን ሁሉ ከምናሴ ተነቅሎ የክንፍ ተጫዋቹ ሀዲስ ላይ ተተከለ።

«አንተ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ኳስ እንኳ አልሰጠኸውም?» አሉት አለቃ።

ሀዲስ ሳር እያኘከ ምናሴን አየው።

አንዲት ነበረች። በመጀመሪያው ጨዋታ ጉማሬ ከሐይቁ ዳር ደንገል ወጥቶ ሜዳ ሲገባ፣ ዳኛው ፊሽካውን እንደ ነከሰ ሮጠ፣ ተመልካቹም ተጫዋቹም ሸሸ፣ የተጋጣሚው በረኛ ዋርካ ላይ ወጣ። ጉማሬ የማያስፈራው ሀዲስ ብቻ ኳሷን አሻገረለት። ጎሉ ባዶ ነበር። ምናሴ እንደዚያ ሰፍቶ አይቶት አያውቅም፤ እግሩ ከአውሬው ይልቅ ጎሉን ፈራና ኳሷ ከቋሚው ውጭ ሾልካ ውሃ ገባች። ከሀዲስ በቀር ያየ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሀዲስ ኳስ ሰጥቶት አያውቅም፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረም።

«አላስታውስም፣ አለቃ» አለ ሀዲስ።

ምናሴ ከመዳኑ ይልቅ አዳኙ አስፈራው። ምን አስቦ ነው የዋሸለት? ሰው እንዲያው በነጻ ለማይወደው አይዋሽም።

አለቃ መቋሚያቸውን ነቀሉ። ኳስ ያልደረሰው ሰው በኳስ አይከሰስም ብለው ፈረዱ። በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ኳስ ያገኘ ሁሉ ቅድሚያ ለምናሴ ይስጥ፤ ይህን ያፈረሰ ማሊያውን ያውልቅ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ይሁን» አለ።

አስማማው መጥቶ ግንባሩን ሳመው። የሺመቤት ከበሮዋን አንሥታ ስሙን እየጠራች መታች። ምናሴ ሊስቅላቸው ሞከረ፤ ጥርሱ ብቻ ወጣ።

ሀዲስ ከሁሉ ኋላ መጣ። ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ለጆሮው ብቻ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እሁድ ስንጫወት ኳሷን እስኪበቃህ ነው የምልክልህ። አሁን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያይሃል» አለውና እያፏጨ ሄደ።

ሰው ተበተነ። ምናሴ ዞሮ ጎሉን አየ። መረብ የለውም። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ጣና ተዘርግቷል፤ ማዶው አይታይም።